ምጣዱ ማታ ማታ ለምን ይለግማል?

ጥያቄ፦ ልጄ እንደምን ከርመሃል። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነኝ፣ እንጀራ ጋግሬ ለሆቴልና ለሱቅ አስረክባለሁ፣ ኑሮዬ እሱ ነው። የመብራት ምጣዴ ጠዋት ማሻአላህ ነው፣ አሰስ አርጌ ሊጡን ሳዞረው ወዲያው ዓይኑ ይወጣል። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ግን ይለግማል። እንጀራው ድፍን ይሆናል፣ ከምጣዱ አልነሳ ይላል፣ ሳነሳው ይቀደዳል። ሰራተኛ ጠርቼ አየልኝና «ሽቦው ደክሟል፣ ትንሽ ቆርጠን እናሳጥረውና ይግላል» አለኝ። ዋጋ ተነጋግረን ላሰራ ስል ልጄ ቆይ መጀመሪያ ጠይቂ አለችኝ። ሽቦ ይደክማል እንዴ? ሲያጥርስ እንዴት ይብስ ይግላል፣ ረጅሙ አይሻልም? ደሞ ማታ ምጣዱ ሲለግም ቆጣሪው ለምን አይለግምም፣ ካርዱ ያልቃል እኮ።

መልስ፦ እትዬ፣ ያችን ልጅ አላህ ያሳድግልዎ፣ ምጣድዎን ያተረፈችው እሷ ናት። እንዳያስቆርጡት። ለምን እንደሆነ በግምት መጻፍ ስላስጠላኝና ሰኞ ገበያም ለኔ ሩቅ ስላልሆነ ክላምፕ ሜትሬን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ እንደመጣሁ ያስታውሳሉ፣ በረካው ካልተጠጣ አይኬድም ብለው አስቀምጠውኛል። ያየነውን ሌላውም አንባቢ እንዲከታተለን እዚህ ላስፍረው።

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ምጣዱ በደንብ ግሎ እየጋገሩ ብሬከር ሳጥኑ ጋ ለካሁ። ቮልቱ 218፣ አምፒሩ 15.7። አምፒር ማለት በሽቦው የሚያልፈው ከረንት መጠን ነው። ክላምፕ ለማያውቅ ሰው፣ አፉን ከፍቶ ሽቦውን የሚያቅፍ ሜትር ነው፣ መቁረጥ መንቀል የለም፣ አቅፎ ብቻ ያነባል። ግን ማቀፍ ያለበት አንዱን ሽቦ ነው። ሙሉ ገመዱን ካቀፈ የሚሄደውና የሚመለሰው ከረንት ይጣፋሉና ዜሮ ያሳያል፣ ስንቱ ሰው በዚህ ምክንያት ሜትሩ አይሰራም ብሎ ለባለሱቁ መልሶታል መሰላችሁ። አንዱን ሽቦ ለማግኘት ደሞ ሳጥን መክፈት ስላለበት ስራው የሚያውቅ ሰው ነው፣ እትዬ እርስዎ እንዳይሞክሩት።

ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ተመልሼ መጣሁ። ያው የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከስራ ገብቶ ምጣዱንም ስቶቩንም የሰካበት ሰዓት ነው፣ በዛ ላይ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ አለ፣ ኩሽናው በር ላይ ቆሜ እኔ ራሴ ተንቀጥቅጫለሁ። ቮልቱ 165፣ አምፒሩ 11.9።

በቃ አራት ቁጥር አለን፣ ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገንም።

ሬዚስታንስ ማለት ሽቦው ከረንቱን ምን ያህል እንደሚገዳደር ማለት ነው፣ መለኪያው ኦም ነው፣ የሚገኘውም ቮልቱን ለአምፒሩ በማካፈል ነው።

ጠዋት፦ 218 ÷ 15.7 = 13.9 ኦም
ማታ፦ 165 ÷ 11.9 = 13.9 ኦም

እዩት እንግዲህ። ሽቦው ጠዋትም ማታም ያው ሽቦ ነው። እርግጥ ሽቦ ያረጃል እትዬ፣ በየቀኑ ሲግልና ሲበርድ ላዩ እየተቃጠለ ይቀጥናል፣ ሲቀጥን ኦሙ ይጨምራል፣ ያኔ ሙቀቱ ይቀንሳል፣ ሰውየው ደክሟል ያለው ይሄንን ከሆነ ነገሩ ከነጭራሹ ውሸት አይደለም። ግን እንደዛ ያረጀ ሽቦ ጠዋትም ይለግም ነበር። ማታ ብቻ የሚደክም ሽቦ የለም። ደሞ አንድ ነገር ልጨምርልዎ፣ ምጣዱን የሸጠልዎ ሰውዬ 3,500 ዋት ነው ብሎኝ ነበር ብለውኛል፣ ምጣዱ ላይ ግን ምንም የተለጠፈ ጽሁፍ የለም። 13.9 ኦም ላይ 220 ቮልት ብንለቅበት 220 ጊዜ 220 ሲካፈል ለ13.9፣ 3,480 ዋት ይመጣል። ሰውየው አልዋሸም።

አሁን ዋቱ። ዋት ማለት ምጣዱ በያንዳንዷ ሰከንድ የሚያወጣው የሙቀት መጠን ነው፣ ቮልቱን በአምፒሩ ማባዛት ነው።

ጠዋት፦ 218 × 15.7 = 3,423 ዋት
ማታ፦ 165 × 11.9 = 1,964 ዋት

ቮልቱ የቀነሰው ሩብ ያህል ነው፣ ጉልበቱ ግን የሄደው ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ሰው እዚህ ጋ ነው ግራ የሚጋባው። ቮልት ማለት የግፊቱ ጉልበት ነው፣ ግፊቱ ሲቀንስ የሚያልፈው አምፒርም አብሮ ይቀንሳል፣ ዋት ደሞ የሁለቱ ብዜት ስለሆነ ሁለት ጊዜ ነው የሚመታው። ግማሽ ቮልት ቢመጣ ሩብ ሙቀት ነው የሚኖርዎት። ስለዚ አምፖል ትንሽ ደብዘዝ ያለ ሲመስል ምጣድ ጭራሽ ሊጥ አላበስል የሚለው ለዚ ነው።

ወደ ቆጣሪው ልምጣ። ቆጣሪውም ይለግማል እትዬ፣ ጠዋት በሰዓት 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፣ ማታ 2 አይሞላም (አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት ለአንድ ሰዓት ሲሰራ የሚበላው ነው)። ችግሩ ሰዓቱ ነው። በስልኬ ይዤላችሁ ነበር፣ ጠዋት አንዷ እንጀራ ምጣዱ እንደገና እስኪግል ጨምሮ 3 ደቂቃ ትፈጃለች፣ ማታ 6 ደቂቃ ተኩል። ቢሰላ ጠዋት ለአንድ እንጀራ 0.17 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማታ 0.21፣ ማለትም ሩብ ያህል ጭማሪ። ምጣዱ እኮ ሊጡን ብቻ አይደለም የሚያሞቀው፣ አክምባሎውንም፣ ከስሩ ያለውንም፣ የደሴንም አየር ያሞቃል፣ ይሄ ብክነት በየደቂቃው አለ፣ ደቂቃው ሲረዝም ብክነቱም ይረዝማል። ካርዱ ቶሎ አለቀ ያሉት ትክክል ነዎት።

(ሜትር ለሌለው ሰው አንድ ዘዴ ልንገር። አዲሱ ቆጣሪ ላይ ብልጭ ብልጭ የምትል ቀይ መብራት አለች፣ ፊቱ ላይ ደሞ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደምትል ተጽፏል። የእትዬ 1600 ነው ያለው። ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ ምጣዱን ብቻ አብርቶ አስር ብልጭታ በስንት ሰከንድ እንደሚያልቅ መያዝ ነው። ጁል ማለት አንድ ዋት በአንድ ሰከንድ የሚሰጠው ጉልበት ነው፣ 1600 ላይ አንዷ ብልጭታ 2,250 ጁል ናት፣ አስሩ 22,500፣ ይሄንን ለሰከንዱ ማካፈል። እኛ ማታ 11 ሰከንድ ተኩል አገኘን፣ 22,500 ÷ 11.5 = 1,957 ዋት፣ ክላምፑ ካለው 1,964 ጋ ምን ይለያል? ምንም። የራሳችሁ ቆጣሪ ሌላ ቁጥር ካለው 3,600,000ን ለዛ ቁጥር አካፍሉ፣ የአንዷን ብልጭታ ጁል ይሰጣችኋል።)

እንግዲህ ሰራተኛው እንዳለው ሩቡን ቆርጠን ብናሳጥረው ምን ይሆናል? ሲያጥር ኦሙ ይቀንሳል፣ 13.9 የነበረው 10.4 ይሆናል፣ የሚገዳደረው ሲያንስ ከረንቱ ይበዛል፣ ረጅሙ አይሻልም ወይ ላሉት መልሱ እሱ ነው። ማታ በ165 ቮልት ወደ 15.9 አምፒር ይስባል፣ ወደ 2,620 ዋት፣ እውነትም ይሻላል፣ ሰራተኛው ማታ ቢሞክረው እርስዎም መርቀው ይሸኙት ነበር። ነገ ጠዋት ግን 218 ሲመጣ 21 አምፒር ይስባል፣ 4,570 ዋት። ያ ሁሉ ደሞ ባጠረ ሽቦ ላይ ነው፣ እያንዳንዷ ስንዝር ሽቦ ከበፊቱ 78 በመቶ የበለጠ ትግላለች። በዚህ አኳኋን ሽቦው ረመዳንን አይደርስም። ከሱም በፊት ሶኬቱ ይሄዳል፣ የእርስዎ ሶኬትና መሰኪያ 16 አምፒር ነው የሚችለው፣ አሁን እንኳን 15.7 ላይ ነው ያለው፣ በእጄ ስነካው ሞቅ ብሏል።

እና ቮልቱ የት ሄደ? ማታ ምጣዱን አንዴ አጥፉት አልኩና እንደገና ለካሁ፣ 172 ሆነ። ልብ በሉ፣ 165 የነበረው ምጣዱ ሲጠፋ 172 ብቻ ነው የሆነው። ስለዚ የራስዎ ምጣድ ያወረደው 7 ቮልት ነው፣ ሌላው ገና ከትራንስፎርመሩ ጀምሮ በጋራ መስመሩ ላይ ሰፈሩ በሙሉ ሲስብ የወረደ ነው። መስመርም ሽቦ ነው እኮ፣ ሬዚስታንስ አለው። የእርስዎን ድርሻ ማስላት ይቻላል፣ 7 ÷ 11.9 = 0.59 ኦም። 7 × 11.9 ደሞ 83 ዋት፣ ይሄ እንጀራ ሳይጋግር ሽቦ ላይ የሚቀር ሙቀት ነው።

ከቆጣሪው እስከ ኩሽናው 20 ሜትር የሚሆን 2.5 ገመድ (ውፍረቱ 2.5 ካሬ ሚሊ ማለት ነው) ነው የተዘረጋው። መዳብ ሽቦ አንድ ሜትር በአንድ ካሬ ሚሊ 0.0175 ኦም ነው፣ መሄጃና መመለሻው 40 ሜትር ስለሆነ 0.0175 × 40 ÷ 2.5 = 0.28 ኦም፣ ከ0.59ኙ ግማሽ የሚሆነው ግቢዎ ውስጥ ነው ማለት ነው። ገመዱን በ6 ቢቀይሩት 0.12 ይሆናል። ይሄ ማታ የሚጨምርልዎ ስንት ነው ቢሉ 2 ቮልት አይሞላም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ለማታው ችግር ብለው ገመድ አይቀይሩ፣ ብርዎን ነው የሚበላው። ቢቀይሩ የምለው ለሌላ ነገር ነው፣ 2.5 ገመድ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ሰዓታት ሙሉ 16 አምፒር ሲሸከም ይሞቃል፣ ለምጣድ 4 ወይ 6 ነው የሚዘረጋው፣ ሲመችዎ ያድርጉት፣ ሶኬቱንም አውጥተው ለምጣዱ የራሱን ብሬከር ያስገቡለት።

ስታቢላይዘር ልግዛ ብለው ጠይቀውኝ ነበር ስወጣ። ስታቢላይዘር ከየትም ጉልበት አይወልድም፣ 165ቱን 220 አርጎ ለምጣዱ 3,480 ዋት ሊሰጥ ከመስመሩ ቢያንስ 21 አምፒር መሳብ አለበት። እርስዎ 12 የሚስቡት 21 ሲስቡ የጎረቤት ቮልት ይወርዳል፣ ጎረቤትም ሰምቶ ስታቢላይዘር ይገዛል፣ ከዛ ሰፈሩ በሙሉ አንዱ የአንዱን ብርድ ልብስ ሲጎትት ማደር ነው። ለቲቪና ለፍሪጅ እሺ፣ ለምጣድ አልመክርም።

የሚያዋጣው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ያው የሚችሉትን ያህል ጠዋት መጋገር ነው፣ እሱን እርስዎ ከኔ ያውቁታል፣ ሆቴሎቹ ማታ ነው የሚፈልጉት እንዳሉኝም አልረሳሁም። ሁለተኛው፣ ከእርስዎ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ያለው ሱቅ ገብቼ ባለቤቱን አስፈቅጄ በዛው ሰዓት ብለካ 209 ቮልት አገኘሁ! በአንድ ምሰሶ ላይ ሆናችሁ። ከትራንስፎርመሩ ሶስት ፌዝ፣ ማለትም መብራት የሚያመጣ ሶስት ሽቦ ነው የሚወጣው፣ የእርስዎ ወገን ያለበት ፌዝ ላይ ብዙ ሰው ተጭኖበታል፣ የሱቁ ፌዝ ላይ ጥቂት ነው። ይሄንን ከምሰሶው ላይ የተወሰነ ቤት አንስቶ ወደ ቀለለው ፌዝ በማዞር ማመጣጠን ይቻላል፣ ግን ምሰሶ ላይ የሚወጣው የሚመለከተው መስሪያ ቤት ሰው ብቻ ነው፣ በግል ሰው እንዳያስነኩት። «መብራት አነሰን» ብሎ ማመልከትና «በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት እኛ ጋ 165፣ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ 209» ብሎ ማመልከት አንድ አይደለም። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጥቼዎታለሁ፣ ጎረቤቶችን አስፈርመው ይዘው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ጋሼ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነኝ 10ኛ ክፍል። ፊዚክስ ላይ አንዱ ፎርሙላ ዋት ማለት አምፒር ሲባዛ በአምፒር ሲባዛ በኦም ይላል፣ ስለዚ ኦም ሲጨምር ዋት ይጨምራል። ሌላው ደሞ ቮልት ሲባዛ በቮልት ሲካፈል ለኦም ይላል፣ ስለዚ ኦም ሲጨምር ዋት ይቀንሳል። ሁለቱም ልክ ናቸው ተባልን ግን እንዴት ሁለቱም? ደሞ 100 ዋት የሚል የዱሮ አምፖል ኦሙ 484 መሆን ነበረበት፣ በመልቲሜትር ስለካው 37 ነው ያለኝ። አምፖሉ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ጎበዝ! ሁለቱም ልክ ናቸው፣ ጥያቄው «ሳይቀየር የሚቆየው የትኛው ነው» ነው። ቤት ውስጥ ሶኬቱ ቮልት ነው የሚሰጥህ፣ አምፒሩን ዕቃው ራሱ ይወስነዋል፣ ስለዚ ቮልቱ አንድ ሆኖ ኦሙ ያነሰው ዕቃ ነው ብዙ ዋት የሚበላው። ምጣድ 13.9 ኦም፣ 100 ዋት አምፖል 484 ኦም፣ ብዙ የሚበላው ባለ 13.9ኙ ነው። ሁለት ነገር በአንድ መስመር ተከታትለው ሲቀጠሉ ግን በሁለቱም የሚያልፈው አንድ አይነት አምፒር ነው፣ ያኔ ኦሙ የበዛው ነው ብዙ የሚግለው። ከላይ የእትዬን መልስ ካነበብክ ምሳሌው እዛው አለ፣ ያው 11.9 አምፒር በመስመሩም በምጣዱም ያልፋል፣ መስመሩ 0.59 ኦም ስለሆነ 83 ዋት፣ ምጣዱ 13.9 ስለሆነ 1,964 ዋት። ያ ባይሆን ኖሮ ምሰሶው ላይ ነበር እንጀራ የምንጋግረው።

ፈተና ላይ የምትወጣ አንዲት ጥያቄ አለች፣ 60 ዋትና 100 ዋት አምፖል ተከታትለው 220 ላይ ቢቀጠሉ የትኛው ይበልጥ ያበራል? ሁሉም 100 ይላል። 60ው ነው። የ60ው 807 ኦም ነው፣ የ100ው 484፣ ድምሩ 1,291፣ አምፒሩ 220 ÷ 1,291 = 0.17፣ ባለ 60ው 23 ዋት ሲያገኝ ባለ 100ው 14 ብቻ።

ይሄ ስሌት ግን ትንሽ ይዋሻል፣ የሚዋሸውም አምፖልህ 37 ባለበት ምክንያት ነው። አልተበላሸም። አምፖል ውስጥ ያለው ክር ተንግስተን ነው፣ ሲበራ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይግላል፣ ሲግል ሬዚስታንሱ ከቀዝቃዛው ከ10 እጥፍ በላይ ይሆናል። አንተ የለካኸው ቀዝቃዛውን ነው፣ 484 የሚሆነው በርቶ ሲግል ነው። አምፖል ሁሌ ስታበራው ቷ ብሎ የሚቃጠለው ለምን ይመስልሃል፣ በቀዝቃዛው 37 ኦም ላይ 220 ስትለቅ ለቅጽበት ወደ 6 አምፒር ይገባል። የምጣድ ሽቦ ኒክሮም ነው፣ ሲግል የሚለወጠው ጥቂት በመቶ ስለሆነ ቀዝቃዛውን ብትለካም ትልቅ ስህተት የለውም። የአምፖል ኦም ግን በመልቲሜትር ሳይሆን እየሰራ ሳለ ቮልትና አምፒር ለክቶ ማካፈል ነው የሚታመነው።

በነገራችን ላይ መለኪያው በስሙ የተሰየመለት ኦም ራሱ ኮሎኝ የሚባል የጀርመን ከተማ ውስጥ ሂሳብና ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር ነበር፣ መጽሐፉን በአውሮፓውያኑ 1827 ሲያወጣ አገሩ ላይ ብዙም የተቀበለው አልነበረም፣ እንግሊዞች ሜዳሊያ የሰጡት በ1841 ነው። የአምፒሩን ካሬ በኦም የምታባዛባትን ደሞ በዛው ዘመን ለክቶ ያገኛት ጁል ነው፣ የቢራ ጠማቂ ቤተሰብ ልጅ ነበር፣ ቢራ ፋብሪካ ያለበት ኮምቦልቻ ቢወለድም ባይተዋር አይሆንም ነበር።

ጥያቄ፦ ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ በርበሬ ወንዝ አካባቢ ትንሽ ሻይ ቤት አለችኝ። በአንድ ዲቫይደር ላይ 2,000 ዋት ስቶቭና 1,500 ዋት የውሃ ማፍያ እሰካ ነበር። ባለፈው ሽታ ሸቶኝ ሳየው ዲቫይደሩ ቀልጦ ጠረጴዛው ላይ ተጣብቋል። የገረመኝ ብሬከሩ ዝም ማለቱ ነው፣ አልወረደም። ብሬከሩ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አብሽር፣ ብሬከሩ ጤነኛ ነው፣ ያልቻለው ዲቫይደሩ ነው። 3,500 ÷ 220 = 15.9 አምፒር። ብሬከርህ ስንት ይላል? 20 ከሆነ 15.9 ለሱ ምንም ማለት አይደለም፣ የሱ ስራ አምፒር መቁጠር ነው፣ ሙቀት የት እንዳለ አያይም። ዲቫይደሩን ገልብጠህ እየው፣ አብዛኛው 10 አምፒር ነው የሚለው፣ አንዳንዱ የተጻፈውንም አይችልም።

ዋናው ግን የላላው ቦታ ነው። ውስጡ ያለችው የነሐስ ምላስ ስትላላ መሰኪያውን በደንብ አትጨብጥም፣ እዛች ላይ ትንሽ ኦም ይፈጠራል። 0.2 ኦም ነው እንበል፣ ምንም አይደለም የሚባል። ተከታትለው ስለሆኑ ያው 15.9 አምፒር በሱም ያልፋል፣ 15.9 × 15.9 × 0.2 = 50 ዋት። ሬዲዮ ጠጋኞች ስታኞ የሚያቀልጡበት ካውያ 40 ዋት ነው! አንተ ከሱ የበለጠውን የጥፍር ያህል ቦታ ላይ አርገህ በፕላስቲክ ሸፍነህ ነው ሻይ ስታፈላ የዋልከው። ስቶቩ ደሞ ምንም አይሰማውም፣ እዛ የሚጠፋው 3 ቮልት ብቻ ስለሆነ። ሲሞቅ ምላሷ ይብስ ትላላለች፣ ስትላላ ኦሙ ይጨምራል፣ ሲጨምር ይብስ ትሞቃለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚቀልጠው።

ስቶቩን ለብቻ በ2.5 ገመድ ግድግዳ ሶኬት ላይ፣ ማፍያውን ሌላ ሶኬት ላይ። ዲቫይደር ለስልክ ቻርጀርና ለቲቪ ነው። በየወሩ አንዴ ብዙ ከሰራህ በኋላ ነቅለህ መሰኪያውን በእጅህ ንካው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ወይ ጠቆር ካለ ሶኬቱን ቀይር እንጂ ፕላስተር አትጠምጥምበት።

ጥያቄ፦ ፍሪጄ ላይ 150 ዋት ይላል፣ አምፒሩን ሳስለካው 1.2 ሆነ። 220 ጊዜ 1.2 ግን 264 ነው። ዋሽተውኝ ነው? ከደሴ፣ ሆጤ።

መልስ፦ አልዋሹሽም። ቮልት ጊዜ አምፒር ዋት ነው የሚለው ለምጣድ፣ ለስቶቭ፣ ለካውያ፣ ሙቀት ለሚሰራ ነገር ልክ ነው። ፍሪጅ ሞተር አለው፣ የሞተር ጥቅልል ከሚስበው ከረንት የተወሰነውን በየጊዜው ወደ መስመሩ መልሶ ይገፋዋል፣ ሜትሩ ሁሉንም ያነባል ግን ስራ የሚሰራው ከፊሉ ነው። ያ ከፊል ፓወር ፋክተር ይባላል፣ የአንቺ 150 ÷ 264፣ ወደ 0.57። የቤት ቆጣሪ 150ውን ነው የሚቆጥርብሽ፣ ተኚ።

ጥያቄ፦ ከሳውዲ እህቴ ያመጣችልኝ የልብስ ካውያ 127 ቮልት 1,000 ዋት ይላል። ባለሱቁ ካውያ ካውያ ነው ሰክተሽ ሞክሪው አለኝ። ልሞክረው? ከኮምቦልቻ።

መልስ፦ እንዳትሞክሪው። ሳውዲ ዱሮ የቤት መብራት 127 ቮልት ነበር፣ ካውያው ለዛ የተሰራ ነው። ኦሙን እናውጣ፣ 127 × 127 ÷ 1,000 = 16.1። በዚህ 16.1 ላይ የእኛን 220 ስትለቂበት 13.6 አምፒር ይስባል፣ ዋቱም 220 × 13.6፣ ወደ 3,000! ድፍን ሶስት እጥፍ። ምጣድ ሊሆን ምንም አይቀረው። ወይ ሽቦው ወዲያው ይበጠሳል፣ ወይ ደሞ ከመበጠሱ በፊት ቀሚሱ ላይ ያርፋል። ማውረጃ ትራንስፎርመር አለ፣ ገበያ ላይ ያለው ብዙው ወደ 110 የሚያወርድ ነው፣ በሱ ካውያው 750 ዋት ይሰጥሻል፣ ቀስ ይላል እንጂ ይሰራል። ግን 1,000 ዋት የሚችለው ትራንስፎርመር እንደ ድንጋይ የሚከብድ ነው፣ ዋጋውም ከአዲስ ካውያ በላይ ነው፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተሽ ደሴ ፒያሳ አንድ ባለ 220 ግዢ። እህትሽ ደውላ ከጠየቀችሽ እየተኮስኩበት ነው በያት።